የማይቆጠረው አንድ

ካሊምኖስ፣ ከወደቡ በላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ሳኬላሪስን አመጡት፣ በጀልባ ሳንቃ ተሸክመውት።
ስፖንጅ ሊያጭድ ወርዶ ነበር፣ ሃያ አራት ኦርጊያ ጥልቀት፤
(ኦርጊያ ማለት ሁለት ክንድ ነው፣ ዘርግተው የሚለኩት፣
የአባቶቹ መስፈሪያ፣ ባሕሩን በደረት የሰፈሩበት።)
ቸኩሎ ወጣ። ደሙ ፈላ፣
እንደ ተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋው ሞላ፤
ከወገቡ በታች ያለው ገላ
የሌላ ሰው ሆነ፣ የሌላ።

ቴሜሊና የብረቱን ክፍል ዘጋች፣
እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ መዘዘች።
ሐኪሙ ከአቴና በስልክ፣ «ሁለት ነጥብ ስምንት አትሞስፌር ስጪው» ይላል፤
የግድግዳው ሰንጠረዥ አሜሪካዊ ነው፣ «ስልሳ ጫማ» ብሎ ያዛል፤
ጣሊያን የሠራው ጌጅ በባር ይቆጥራል፤
መጭመቂያው የእንግሊዝ አሮጌ፣ በፓውንድ ያጓራል።
አራት አፍ፣ አንድ ጭነት።
ስልሳን ለሠላሳ ሦስት አካፈለች፤ አንድ ነጥብ ስምንት።

«ስልሳ ጫማ!» አለ ሳኬላሪስ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጥርሱን ነክሶ፣
«ሁለቱ እግሬ መች ታዘዙኝና፣ ስልሳ ጫማ ማን ለብሶ?»

ስኬቮስ ግን፣ ገና ሦስተኛ ሌሊቱ፣
መርፌውን አይቶ ገረጣ ፊቱ።
«አንድ ነጥብ ስምንት ላይ ቆመ! ጎደለ እኮ ግፊቱ!
ሐኪሙ ሁለት ነጥብ ስምንት ነው ያለው፤ ልጨምር?»
እጁ ቧንቧው ላይ ነበር።

የእጁን አንጓ ያዘችው።
«ተው። ኦክስጅን እዚያ ድረስ ከተጫነ መርዝ ነው፣
አንፈራፍሮ ይጥለዋል። ሐኪሙም አልዋሸ፣ መርፌውም ልክ ነው።
መርፌው የሚያውቀው እኛ የጨመርነውን ነው፤
ሐኪሙ ሰማዩንም ቆጥሮታል። አንድ ደምርበት።»

«የምን አንድ?»

«አንተ ተሸክመኸው የቆምከው። ከጣሪያው በላይ ያለው አየር በሙሉ፣
በቴምብር ስፋት ላይ ዐሥራ አምስት ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ ትንሽ ቀሎ ከሙሉ።
ባዜቃ ብትወድ ሰባት መቶ ስልሳ ሚሊሜትር፤
ፓስካል ብትል ከመቶ ሺህ በላይ፣ የሚያስደነግጥ ቁጥር።
ስሙ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ሸክሙ ያው።
ስትወለድ ጀምሮ አለ፤ ስለዚህ ዜሮ አሉት፣ እንዲረሱት ነው።»

ልጁ ትከሻውን ዳበሰ፣
የሆነ ነገር ያረፈበት ይመስል። ከዚያ መዝገቡን ገለጠ።

ሃያ ደቂቃ ኦክስጅን፣ አምስት ደቂቃ አየር፤ እንደገና ሃያ፣
እንደገና አምስት። ወደ ሠላሳ ጫማ ሲወጡ ዶሮ ጮኸ ከማዶ፣
የዓሣ ጀልባዎቹም ሞተር ተነሣ፣ አንድ በአንድ፣ ከጉያ
ከጉያው ወደቡ። መርፌው ወረደ፣ ወረደ፣ ነካ ባዶ።

በሩ ተከፈተ። ሳኬላሪስ የቀኝ አውራ ጣቱን አነቃነቀ።
የግራው እንቢ አለ። ማንም ምንም አልጠየቀ።
ስኬቮስ «ግፊት፦ ዜሮ» ብሎ ጻፈና፣ እርሳሱን አቆመ፣
ቀና ብሎ ቴሜሊናን አየ፤ እሷ ኮቷን እየለበሰች ነበር።

«ጫማዬን» አለ ሳኬላሪስ፣ በአንድ እግሩ ሊቆም እየሞከረ፣
«ስልሳው ይቅርብኝ። አንዱን አምጡልኝ።»