ጠጠር ለቀማ

ጣርማ በርን ወርደን፣ ጉሙን ከኋላችን ጥለን፣
ደብረ ሲና ስንቆም፣ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብለን፣
እኔ ረዳቱ ነበርኩ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣
የአምስት ብር ቆሎ ገዛሁ፣ ቁርስ ይሆነኛል ብዬ።

ከገብሱ መሀል ግን፣ ሽንብራው ሥር ተሸሽጋ፣
አንዲት ጠጠር ነበረች፤ ጥርሴን አገኘችው ፈልጋ።
ቀው! አለ። ተሰበረ። በግራ በኩል፣ ከመንጋጋ።

ሻጯን ልሳደብ ዞርኩ፤ አውቶቡሱ ግን ነጎደ፤
እስከ ደሴ ምላሴ ስባሪዋን እየላሰ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ፣ ጠጠሯን በእጄ ይዤ፣
የስድብ ቃል ደርድሬ፣ ንዴቴን በሆዴ አርግዤ፣
ወረድኩ።
«ይኸው ዕቃሽ» አልኳት። እማዋይሽ ተቀበለች፤
መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ እንቁ አገላበጠች፤
አልማለችም። አልካደችም። «ከየት ገበያ መጣሽ?» ብላ
ጠጠሯን ጠየቀች።
ከዚያ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ጣል አደረገቻት፤
ቃ! አለች። ጣሳው ባዶ ነበር። የመጀመሪያዋ ናት።

«ለጥርስህ መካሻ የለኝም፤ ነገ ግን አንዲት እቀንሳለሁ፤
አንዲት ብቻ። የተነገ ወዲያውን፣ ያኔ አያለሁ።»
ሳቅሁባት። አንዲት ጠጠር! ከኩንታል ገብስ መሀል!
እንዲህ ያለውን ሥራ ማን ጀምሮ ማን ይጨርሰዋል?

በሌላው ሳምንት ስንቆም፣ ገብሱን አስጥታ አየኋት
ጥቁር ነጠላ ላይ፤ ለባሏ ሐዘን የለበሰቻት፣
ዓመት ሞልቶ የወለቀች፣ ሳጥን ውስጥ የተረሳች፤
«ነጭ ጠጠር ጥቁር ላይ ራሱን ያጋልጣል» አለች።

ከዚያ ወዲያ ለውጡ ቀጭን ነው፤ ካልተጠጉት አይታይም።
አንዴ ሱፉን ለብቻ ቆላች፤ አንዴ ለውዙን ከጨው ለየች፤
አንዴ የወረቀቱን ጥቅል ታቹን ሁለት ጊዜ አጠፈች፣
ተሳፋሪ ጭን ላይ እንዳይፈስ።
አንዴ ደግሞ ምንም። ዝናብ ነበር፤ አሟት ነበር፤ ቀረች።
አንዴም ወደ ኋላ ሄደች፤ ገብሱ በጉም ረጠበ፤
«ዛሬ አልሸጥም» ስትል ጎረቤቷ ታዘበ፤
«ጠጠር ስትለቅሚ አውቶቡስ አመለጠሽ» እያለ አሾፈ።
እሷ ዝም። ያም ቀን እንደ ሌላው አለፈ።

ነገሩ እኔም ላይ ተጋባ። በየት በኩል እንደሆነ እንጃ።
አሥራ አራት ቁጥር ወንበር፣ ስድስት ወር የተወዛወዘ፣
በአንድ ብሎን ነበር ለካ፤ ጠበቅ ባደርገው ያዘ።
መስኮቱን በጎማ ወተፍኩ፣ ሸኖ ላይ ብርድ የሚያስገባውን፤
ዝርዝር ብር ይዤ ወጣሁ፣ «መልስ የለም» የሚለውን
የቆየ ዜማዬን ልተው። ጋሽ ጥላዬ፣ ሹፌሩ፣ በመስታወት አየኝና
«ምን ነካህ?» አለኝ። «ጠጠር!» አልኩት። ሳቀና
ማርሹን ቀየረ።
አልዋሽም፤ መሳደቤ፣ ከአሥሩ ሁለቱ ነው የቀነሰ፤
ስምንቱ እስካሁን አለ፣ ጉሮሮዬ ላይ እየታመሰ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ መናኸሪያውን ባጨቀየበት፣
ዘልዬ ስወርድ ጫማዬ አልሰመጠም። ቆምኩበት፤
ደረቅ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጠጠር ነው፣ ደቃቅ ጠጠር፣
እንደ ገብስ፣ እንደ ሽንብራ፣ የሰው ጥርስ የሚሰብር፤
ጣሳዋ በሞላ ቁጥር ደጃፏ ላይ ስትደፋ፣
በአራት ዓመት አንድ ክንድ ያህል ጭቃው ጠፋ።
አንድ ክንድ። ከዚያ ወዲያ ያው ማጥ ነው።
«አስፋልቱ ጋ መቼ ትደርሻለሽ?» አልኳት። «መቼ ትመለሳለህ?»
«ሐሙስ።» «በል እንግዲህ፣ ሐሙስ መጥተህ ታየዋለህ።»

ጋሽ ጥላዬ ጥሩንባ ነፋ። ቆሎዬን አፌ ከተትኩ፤
በግራ ላኝክ ፈራሁና ወደ ቀኜ ገፋ አደረግኩ፤
አንዲት አገኘሁ፣ ዛሬም። ትንሽ ናት፤ በምላሴ አወጣኋት፤
በሩ ላይ እንደቆምኩ ወደ ጣሳው ወረወርኳት።
ቃ! አለች፤ እንደዚያን ቀን።
ጣሳው ባዶ ነበር።