በበርበሬ ሚዛን

ሰኞ ነው፤ ደሴ ላይ ገበያው ቆሟል፤
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ይዟል።
ወንድሜ ሸምሱ ባጃጁን አቆመና
የእቁቡን ብር ቆጠረው፣ ደግሞም እንደገና፤
ሃያ ሁለት ሺህ ብር። ወደ ኪሱ ሰደደ፤
በመርፌ ቁልፍ ሲወጋው ጨርቁ ተቀደደ።
«አብሽሪ» አለኝ፤ «ዛሬ ሳንገዛ አንገባም፤
ለውሃ ምህንድስና ደብተር ብቻ አይበቃም።»

ፒያሳ፣ መጀመሪያው ሱቅ። ባለሱቁ ዘናጭ፤
ዕቃውም እንደሱው፣ አብረቅራቂ፣ ነጭ።
«ስስ ነው እንደ ቂጣ፣ ቀላል እንደ ላባ፤
ይህን የያዘ ልጅ ግቢውን ኮርቶ ገባ።»
ሸምሱ ግን ሰው ነው፣ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ፤
ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ቆጠረ።
በአሥራ ሁለተኛው ላይ ማጠፊያው ሲጥ አለ፤
«አንድ ሴሚስተር አይዘልቅም፤ ነይ» ብሎ ቸኮለ።

ሁለተኛው ግዙፍ፣ ስክሪኑ እንደ ትሪ፤
ብረት ነው፤ ቢወድቅ እንኳ ወለሉ ነው ፈሪ።
አቀፍኩት። የሐረጎን ቁልቁለት አሰብኩት፤
ዓይኔን ትቼ ትከሻዬን ጠየቅኩት።
ዶርም አራተኛ ፎቅ፣ ክፍሉ ሌላ ሕንፃ፤
ጀርባዬ ከሸክም መቼ ሊሆን ነጻ?
«ወፍጮ ነው» አልኩ፤ «መጁን ብቻ ነው ያጣ»፤
ባለሱቁ ሳቀና ሺህ ጨምሮ መጣ።

ሸዋበር፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣ በጠባብ ደረጃ፣
አንድ ጥቁር ወጣልን፣ ጭረቱ እንደ ማስረጃ።
ጥጉ ተሸርፏል፤ ከሆዱ ላይ በምስማር
«የሙሔ ነው፣ አትንኩ» ይላል፤ ጭሮት ይሆናል ሲማር።
«አንዴ ተመርቆበታል» አሉ ጋሽ አስናቀው፤
«መንገዱን ያውቀዋል፤ አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

ሸምሱ ከፈተ፣ ዘጋ። ሠላሳ ጊዜ። ዝም።
ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካ፤ የሞተ የለም።
ራሙ ስምንት ጊጋ፤ ዲስኩ የማይሽከረከር፤
ባጃጅ ላይ ቢንገጫገጭ ልቡ የማይሸበር።
ባትሪውን «ሦስት ሰዓት» አሉ፤ ሸምሱ ሰዓት ያዘ፤
ሻይ ጠጥተን ስንመጣ፣ በሁለት ከሩብ ሞቷል፤ ዋጋውም ቀዘቀዘ።

«ወላሂ አያዋጣም» ብለው ጋሽ አስናቀው ማሉ፤
ሸምሱ «በማርያም» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ቀለሉ።
በሃያ ሺህ ተስማሙ። እኔን ግን ቅር አለኝ፤
ሳይመዘን አልወስድም፣ አንድ ትከሻ ነው ያለኝ።

ሰኞ ገበያ ወርደን፣ ከበርበሬው ተራ፣
ሚዛን ለመንን፤ እትዬ ጦይባ «ምንድን ነው ይሄ ሥራ?»
በአንዱ ወገን ላፕቶፕ፣ በሌላው ወገን ብረት፤
ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ዝም፣ እንደ ፍርድ ቤት።
አንድ ኪሎ ከግማሽ፣ ከዚያ ትንሽ ተረፈ፤
አንድ ዛላ ቢጨምሩ ሚዛኑ አረፈ።
«ኪሎው ስንት ገባችሁ?» አሉ። ሸምሱ አሰላ፤
«አሥራ ሦስት ሺህ ገደማ።»
«ውይ! ይሄስ ከበርበሬ ያቃጥላላ!»

ከባጃጁ አሮጌ የወንበር ልብስ ቦርሳ አሰፋልኝ፤
ከተረፈው ሁለት ሺህ ላይ፣ ሳልጠይቅ፣ ማከፋፈያ ገዛልኝ።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ሌሊት ነው። መብራት ሄዷል።
ሁለት ሰዓት ከሩቤ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።
«ረ»ን በተጫንኩ ቁጥር ከሥሩ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል፤
የበርበሬ ፍሬ ነው፤ ሽቅብ ያስነጥሰኛል።
ከላይኛው አልጋ «ይማርሽ» ትላለች ቦጋለች፣
ሳትነቃ። ተመልሳ ታንኮራፋለች።

ላፕቶፑን ገልብጬ ጭረቱን ዳሰስኩት፤
ከሙሔ ስም ግርጌ ያለውን ባዶ ቦታ ለካሁት።
ምስማር አላጣሁም።
ግን መጀመሪያ የቦርከናን ጎርፍ ላስላ፤
ስሜ ይቆይ። ከዚያ በኋላ።