የጀርባ ስፌት

ላዋሊ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ማራዲ ከተማ፣
ከማሽላ ነጋዴዎቹ ጎን፣ ከቆርቆሮው ጥላ ግድማ።
መኪናዬ በእግር ነው፤ መብራት ሄደ መጣ አልልም፤
መንግሥት ሄደ መጣ ግን፣ ሳይነካኝ አልፎ አያውቅም።

ሬዲዮኑ የሰልፍ ማርሽ ሲመታ ባደረ ማለዳ፣
አንድ መቶ አለቃ መጣ፤ ሱሪው ረዝሞበት፣ ዓይነ አፋር እንደ እንግዳ።
«አሳጥርልኝ» አለኝ፤ ተንበርክኬ በጠመኔ አሰመርኩ፤
ወገቡን ለካሁ፤ ሰባ አራት። በደብተሬ አሰፈርኩ።
ከበሩ ዞር ብሎ፣ «የተነሣነው ለሰፊው ሕዝብ ነው» ሲለኝ፣
እኔም ሰፊ ነኝና፣ ስለኔ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በዓመቱ ተመለሰ፤ ሻለቃ ሆኗል፤ ሰማንያ ስምንት።
መቶ ሁለት ደረሰ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት።
ያው ጨርቅ ቢያጥረኝ፣ ከሌላ ካኪ ቀጠልኩ፤
የቀለሙን መለያየት ያየ የለም፤ እኔም አልተነፈስኩ።
ሜትሬን አንገቱ ላይ ሳዞር፣ አጃቢው ገመድ ያየ ይመስል ያፈጣል፤
ለካ የገዢ አንገት፣ ለልክም ፈቃድ ይጠየቅበታል።

አልዋሽም፤ ከሱ በፊት የነበሩትም ጾመኛ አልነበሩ።
ኒያሜ የላክነው ያሃያ፣ ገና ሳይሞቀው ወንበሩ፣
የጀለቢያው ስፌት ሁለቴ ተተረተረ፤
ሂሳቤንም «ነገ፣ ነገ» እያለ አሳደረ።
ቃል የገባልን ጉድጓድ እስከ ዛሬ አቧራ ይጠጣል።
ማሽላ ነጋዴው ባሮ ግን፣ በሱቁ በር ቆሞ ሲሰድበው ይውላል፤
ስድቡን ጨርሶ፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።
ዛሬ ያው ባሮ፣ ስለ ዝናብ እንኳ ሲያወራ በሹክሹክታ ነው።

ሐዲዛ፣ ሚስቴ፣ «ሌባ በሱፍ፣ ሌባ በካኪ» ትላለች፤
«ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላ ዝም ስል፣ ረታሁት ብላ ትስቃለች።
የጣቴ ቀለም ትዝ ይላታል። በምርጫው ቀን የነካኝ ቀለም
የሙሽራ ነጭ ቀሚስ አበላሸብኝ፤
ካሳውን ከፍዬ፣ መምረጤን ረገምኩ።
አሁን ጣቴ ንጹሕ ነው።
ይኸው ስንት ዓመት፣ አንድም ጨርቅ አላበላሸሁ።

ግን አንድ ነገር አለ፣ ሐዲዛ ያላየችው።
ያሃያ ምርጫ በተሸነፈ በሁለተኛው ወር፣
በእግሩ መጣ። ሹፌር የለ፣ ጋሻ ጃግሬ የለ።
ሱሪውን በአንድ እጁ ከወገቡ ጨብጦ፣
በላብ ወዝቶ፣
«ላዋሊ፣ ይህን አጥብብልኝ» አለኝ።
መቀሴን አነሣሁ። ክሩን ተረተርኩ።
አጠበብኩት።
የዱሮውን ሂሳብ አልከፈለም፤ ጭራሽ የዚያን ቀን ሻይ በኔ ጠጣ።
ይኸው ነው። ሌላ ዲሞክራሲ አላየሁም።

ትናንት መኮንኑ መጣ። ኮሎኔል። መቶ አሥራ ስድስት።
ካኪውን አውልቆ፣ ሽጉጡን ላዩ ላይ አስቀመጠ።
«ሱፍ ስፋልኝ» አለ፤ «የሲቪል። ምርጫ ደርሷል፣ እወዳደራለሁ።»
ከማን ጋር? አላልኩም፤
አፌ ስፒል ይዞ ነበር።
«ስፌቱ ድርብ ይሁን፤ እንዳይተረተር አድርገህ፣ ለዕድሜ ልክ።»
«እሺ ጌታዬ» አልኩ። እሺ ክር አይፈጅ።

ማታ፣ ሐዲዛ ከተኛች በኋላ፣ በፋኖስ፣ ረገጥ ረገጥ፤
እጅጌው ድርብ፣ ብብቱ ድርብ፣
ኪሱማ ሦስት ጊዜ፤
የጀርባውን ግን፣ ከሱሪው ወገብ መካከል፣
በነጠላ ክር ሰፋሁት፤
አንድ ቀን በእግሩ ለሚመጣ ሰው፣
በአንድ ትንፋሽ የሚመዘዝ።

በደብተሬም፣ መቶ አሥራ ስድስት ከሚለው ሥር፣
አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።