ከጓንቱ ሥር

ከጎማ ቤቱ ጎን፣ ከመናኸሪያው በር፣
አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ወንበር፣
አንድ አጉሊ መነጽር፣ አንድ ቀጭን ወረንጦ፣
የባሕር ዳር አቧራ ሳይጠሩት ተቀምጦ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ የቆመ አስነሣለሁ፣
የቸኮለ ሲመጣ ቀስ በል እለዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ይበልጣል አንሙት መጣ፣
ከግራ አንጓው ላይ ከባድ ብረት አወጣ።
የስዊዝ ነው አለኝ፣ ባትሪ የማይበላ፣
ክንድ ሲወዛወዝ በራሱ የሚሞላ።
ሁለት ባጃጅ ሸጦ ነው የገዛው አሉኝ፤
«ሰዓት ሰው ይጭናል?» ብለው ሳቁብኝ፣
እኔ የሸጥሁለት ይመስል።

ጀርባውን ከፈትሁት። ቀያይ ዕንቁዎች፣ ከሰናፍጭ ያነሱ፣
ጥርሳም ጎማዎች እርስ በርስ ሲናከሱ፣
ከፀጉር የሳሳ ሽቦ ሲሰፋ ሲጠብ እንደ ትንፋሽ፣
ግማሽ ጨረቃ ብረት ከወዲያ ወዲህ ሲዋልል፣ ሲሸሽ።

«በቀን አራት ሰከንድ ይቀድማል» አለኝ፣
«ከውድድር በኋላ ይብስበታል፤ አስተካክይልኝ።»
«ከዓባይ ድልድይ ማዶ ጠጠሩን ስትጋልብ
መንጋጋህ እየተንቀጠቀጠ፣ እሱስ በምን ልቡ ይሰብሰብ?»

ከዚያ ግን ከልቤ ጠየቅሁት፦
«መሪ የጨበጠ ሰው ሰዓቱን መቼ ያያል?
ከጓንትህ ሥር ነው፤ ጓንትህ ይሸፍነዋል።
ጊዜህን የሚይዘው ያ ከመስመሩ ጫፍ ያለ ልጅ፣
ባንዲራ በአንድ እጅ፣ ስልክ በአንድ እጅ።
ታዲያ ይህ ሁለት ባጃጅ ምንህ ነው?»

ዝም አለ። ከደጅ ረዳቱ «መራዊ! መራዊ!» ይላል።
ዝም አለ።
«ከጥምዙ ስገባ፣ ሐይቁ በመስኮት ሲመጣ፣
ልቤ ከፒስተኑ ቀድሞ ከደረቴ ሊወጣ…
ለማንም አልነገርሁም፤ ፈሪ ነኝ።
ያኔ ከእጄ ላይ አንድ የማይደነግጥ ነገር እንዲኖር ነው እንጂ
ማየቱማ…»

የዚያን ቀን ሒሳብ መጠየቅ ረሳሁ።

እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት። (የሱ ሰዓት ዘጠኝ ይላል፤
የኛን ቁጥር ለማግኘት ማዶውን ማየት ይበቃል።)
ሰባት አሮጌ ኮሮላ ከዘንባባው ጥላ ተሰልፈው፣
ልጆች የዘንባባውን ግንድ አቅፈው።
ይብራዎቹ ከቄጠማው ተነሡ፣
ሰባቱም በአንድ ጩኸት አስፋልቱን ሲያርሱ።

ይበልጣል በስሙ አልበለጠም፤ ሁለተኛ ወጣ፤
የዐይን ጥቅሻ ሲቀረው ሌላው ቀድሞት መጣ።

ሰኞ ከሱቄ ነበር። ዕዳ አለበት፤ የጎማ፣ የመካኒክ፣ የነዳጅ፤
«ሽጪልኝ» ብሎ አስቀምጦ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ወጣ ከደጅ።

መሳቢያ ውስጥ አስተኛሁት። ቀኑን ሙሉ ሰማሁት፣
ማክሰኞም ሰማሁት።
ረቡዕ ጠዋት ቆሟል።
ክንድ ያጣ ሰዓት ሞቱ እንዲህ ነው፤ አይሰበርም፣ አይዝግም፣
ማንም ስለማይነካው ብቻ አንድ እርምጃ አይራመድም።

አጎቴ ጥጋቡ ከዘጌ ወዲህ ታንኳ ይቀዝፋል፤
ሰባን አልፏል፤ ዛሬም ሥራ ከፈታ ያመዋል።
ከእጁ ላይ አሰርሁለት፤ «ለሳምንት፣ እንዳይቆም አደራ!»
ሳቀብኝ፤ ከማገዶ ሸክሙ፣ ከሎሚ ቅርጫቱ ጋራ
ውሃው ላይ ወጣ። ክንዱ ወደፊት፣ ክንዱ ወደኋላ፣
ለጉማሬ መንገድ እየለቀቀ፣ ለነፋስ ሲያደላ።

በሳምንቱ መለሰልኝ፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
ከሬዲዮው የዜና ደወል ጋር አስተያየሁት።
አንድ ሰከንድ አልቀደመም፣ አንድ ሰከንድ አልቀረም፤ ሁለቴ ቆጠርሁት።
ያ ግማሽ ጨረቃ ብረት ማን እንደፈራ፣ ማን እንደዘገየ አይጠይቅም፤
ክንድ ይሁን እንጂ የማን ክንድ እንደሆነ አያውቅም።

ለይበልጣል ደወልሁ።
«ገዢ የለም» አልሁት። (ዋሽቻለሁ፤ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር።)
«ታዲያ እንዴት ነው? አሁንም ይቀድማል?»
«ተወው፤ ቀዘፋ ተምሯል።»

ከወዲያ በኩል
ሞተር ሲጠፋ ሰማሁ።