የቁልፍ ሠሪው ልጅ

ኔሙናስ ወንዝ ላይ በረዶው ሲረጋ፣
ካውናስ ስታንቀላፋ ከመብራቷ ጋ፣
ቪቴኒስ ከሱቁ አምፖሉን ሲያበራ፣
ለብረት ጥርስ ያወጣል፣ ለሰው ቁልፍ ሲሠራ።

የዳቦ ጋጋሪው፣ የጥርስ ሐኪሟ በር፣
የጡረተኛው መምህር የአትክልት አጥር፣
ሁሉም የሱን ቁልፍ ነው ኪሱ የሚቋጥር።
የራሱ ቤትማ ሦስት ቁልፍ አለው፤
አንዱ የላይ ነው፤ አንዱ የመሐል ነው፤
ለሦስተኛው እንኳ ስም አላወጣለትም፤
“ሌባ ቢመጣ” ይላል፣ “ያለቅሳል እንጂ አይገባም።”

ሌባው ግን መጣ። በር አላንኳኳም።
ጫማ አላወለቀም፤ ውሻም አልጮኸም።
በዶማንታስ መዳፍ ገባ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ በርቶ፣
የሴት ፈገግታ ለብሶ፣ “ሚልዳ ነኝ” ብሎ መጥቶ።

ሚልዳ የክላይፔዳ ልጅ ናት፤ የወደብ፤
ሒሳብ አይገባትም፤ ትወዳለች ማንበብ፤
የሱን ቀልድ ስትሰማ በሳቅ ትፈርሳለች፤
“እንዳንተ ማን ገባኝ?” ሌሊት ትጽፋለች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። “አሳየኝ፣ ላሳይህ።
እኔ ቀድሜያለሁ፤ ምነው ዝም? አፈርህ?”
አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።
ክፍሉን ዘጋ፣ በአባቱ ቁልፍ።
አንዴ ብልጭ።
ፎቶው ከእጁ ወጣ፣ እንደ ዓሣ ሙልጭ።

ሚልዳ በቅጽበት ሞተች፤ ሌላ ሰው ተናገረ፤
ያ የሚስቅ አንደበት እንደ ሞረድ ሻከረ፦
“ስምንት መቶ ዩሮ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት።
አሠልጣኝህ፣ የክፍል ጓደኞችህ፣ አክስት፣ እናት፣
የሁሉም ስም እጄ ላይ ነው፤ ይደርሳቸዋል በአንድ ሌሊት።”
ስልሳ ነው ያለው፤ ልኮ መቼ በቃ?
እጅ የቀመሰ ሌባ ለክንድ ነቃ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ደረጃውን ወረደ፤
ልቡ አስቀድሞ ወደ ድልድዩ ሄደ፤
እግሩ ግን በካልሲው፣ ግቢውን አቋርጦ፣
ወደ ሞረዱ ድምፅ ነጎደ።

“አባዬ” አለ። ሌላውን ቃል ጉሮሮው ቆለፈ።
ስልኩን ቁልፎቹ መሐል ጥሎ፣ ግድግዳ ተደገፈ።

ቪቴኒስ መነጽሩን ለበሰ፤ አነበበ።
አወለቀ። ጠረገ። ደግሞም አነበበ።
ቁጣው እስከ ክርኑ ወጣ፤ ዘሎ ቆመ፤
የልጁን ካልሲ አየ፤ ርሷል። ታመመ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት በር ከፍቷል፤
ቁልፉ የጠፋበት ሰው ሲያለቅስ ሰምቷል፤
“ምነው ጣልከው?” ብሎ ግን ተቆጥቶ አያውቅም፤
በር የተዘጋበትን ሰው ደጃፍ ላይ አይወቅስም።

“ተቀመጥ። አንድ ሳንቲም እንዳትልክ። ምንም እንዳታጠፋ።
ይህ ጽሑፍ የሌባው ጣት ነው፤ አሻራው እንዳይጠፋ።
ሲነጋ ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን፤
እናትህን ግን አሁን፣ አብረን እንቀሰቅሳለን።”

ፎቶው ይሰራጭ ይሆን? ማንም አያውቅም ገና።
በረዶው ላይ የሁለት ሰው እግር፣ አንድ ጎዳና።
ሲወጡ ሦስቱንም ቁልፍ ቪቴኒስ ረሳ፤
“በሩስ?” አለ ልጁ።
አባቱ እጁን ከትከሻው አላነሳ።