የሚጠብቁት ደመወዝ

ቅጹ ላይ አንዲት ባዶ ሳጥን ነበረች፣
ከስም፣ ከስልክ፣ ከትምህርት ደረጃ ኋላ የመጣች፤
«የሚጠብቁት ደመወዝ» ብላ ጠየቀች።
ጠቋሚው ውስጧ ብልጭ ድርግም ይላል፣
እንደ አበዳሪ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል።

እኔ በአባቴ ወርክሾፕ፣ ከዋንዛው ሰጋቱራ መሃል፣
ላፕቶፔን ታቅፌ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።
አስራ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ዜሮ አስከተልኩ።
አየሁት። አነሰብኝ። አፈርኩ።
አንድ ዜሮ ጨመርኩ።

መቶ ሃምሳ ሺህ!
እንዴት ያምራል ሲጻፍ፣ እንዴት ያምራል ሲባል፤
አንዲት ጣት ዝቅ ብትል ስንት ኑሮ ይነሣል።

ጥፋቱ የሸምሰዲን ነው። ቂጦ ግቢ አብረን የተማርን፣
አንድ ቻርጀር ለሁለት፣ አንድ ሽሮ ለሦስት የተካፈልን።
አዲስ አበባ ገባና በሁለት ወሩ ደወለ፤
«ሂኩ፣ ከመቶ ሃምሳ በታች እንዳትጽፊ» አለ።
«እዚህ ወሬው በዶላር ነው፣ አሠሪው ባሕር ማዶ፣
ሰው በቱታ ይሠራል ምሳውን አልጋው ላይ ወስዶ።»
ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ለጎረቤት።
በሳምንቱ ሰፈሩ ደመወዜን አወቀው፣
እኔ ሥራውን ሳላውቀው።
ባለሱቁ ዱቤ ፈቀደልኝ፤
አንዲት ዘመድ የልጇን ሠርግ መዋጮ ጻፈችብኝ።

እስቲ የማውቀውን፣ እውነቱን፣ ለራሴ ብቆጥረው፣
አንዱ የመመረቂያ ሥራዬ፣ ግማሹ የሸምሰዲን ነው፤
ሌላው የአጎቴ ልጅ የባጃጅ ሂሳብ መዝገብ፣
ሰኞ ሠርቶ ማክሰኞ የሚደናበር፣
አንድ ስህተት ሳርም ሁለት የሚወልድ።
ይኼ ነው መቶ ሃምሳ ሺህ?

አባቴ መላጊያውን አስቀመጠ።
ማያ ገጹን አየ፣ ዓይኑን አጠበበ።
ገና ያልተወለወለ በርጩማ በእጁ ይዞ ነበር፤
ጎርበጥባጣው ወለል ላይ አኖረልኝ፣ ከበሩ ሥር።
«ተቀመጪበት» አለኝ። ተቀመጥኩ። አልተነቃነቀም።
«ሦስት እግር መሬት አይመርጥም።
ወለል አስተካክሉ የሚባለው፣ አራተኛ ሲጨመር ነው።»
ስለ በርጩማው ነበር የሚያወራው።
ስለ በርጩማው ብቻ። ባለአራት እግር ያዘዘ ደንበኛ
ሰሞኑን ሲያማርርበት ከርሟል።
እኔ ግን ዜሮዎቹን ቆጠርኩ።

ማክሰኞ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፤
የመጋዘን ሚዛን ከስልክ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው ሥራቸው፣
አራት ወንበር፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ የሚያስል ማተሚያ።
ወይዘሮ መኪያ ቅጼን አነበቡ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፦
«አስራ አምስት ብለሻል። ያለኝ አስራ ሁለት ነው።»
ዝም አልኩ። ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ እንጂ በብልሃት አይደለም።
ከዚያ ድምፄ ቀጠነ፣ ግን ወጣ፦
«ኢንተርኔቱስ? በስድስት ወሩስ?»
እስክሪብቶ አነሡ።
«አስራ ሦስት ይሁን። ኢንተርኔቱ በእኛ።
በስድስት ወር እንነጋገራለን።
እንጨምራለን አላልኩም። እንነጋገራለን።»
ጻፉት። ቃሏን በሁለት መስመር አሰመሩባት።

የመጀመሪያው ወር ወረቀት መጣ፤ ግብር፣ ጡረታ፤
በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ጡረታ!
የዱቤውን ከፈልኩ። የሠርጉን መዋጮ ግማሹን።
አክስቴ የቀረውን አይታ ምንም አላለችም፣
ለጎረቤትም አልነገረችም።

ማታ ሸምሰዲን ደወለ። «ሂኩ፣ ሦስት ሺህ ብትልኪልኝ…
ኪራይ ነው፣ እስከ ወር መጨረሻ።»
«መቶ ሃምሳውስ?» አልኩት።
መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
«እሱ የአለቃዬ አለቃ ነው» አለ። «እኔ አይደለሁም።»
ሁለት ሺህ ላክሁለት። አልሳቅሁም።

በርጩማው አሁን ቢሮ ነው፤
ወለሉ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፣ እሱ ግን ግድ የለው።
ስድስት ወሩ ሊሞላ አስራ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤
ቁጥሬን ይዤ እየጠበቅሁ ነው።
አሁንም ባለሦስት ዜሮ ነው።
ከፊት የሚቆመውን ግን
ለወይዘሮ መኪያ ብቻ ነው የምናገረው።