የሐረጎ እግር

ሥራዬ ድምፅ ነው፤ ሞንታርቦ አከራያለሁ፣
ለሰርግም ለምርጫም እኩል እጮሃለሁ።
ገመዴን ዘርግቼ፣ ባትሪዬን ሞልቼ፣
ስንቱን ሰው አገነንሁ አንዲት ቁልፍ ነክቼ።

ዘንድሮ የቀጠረኝ ሻምበል እንድሪስ ነው፣
ለምክር ቤት ወንበር የሚወዳደረው፤
ጡረተኛ መኮንን፣ ግራ እግሩን የሚያመው፣
በኮቱ ደረት ላይ ሜዳይ የማይሰቅለው።

ኮምቦልቻ ጀመርን፣ ፋብሪካው በር ላይ፣
ፈረቃ ሲለወጥ፣ በጠራራ ፀሐይ።
አስተዋዋቂው ደምስ ወረቀቱን ጣለ፣
ያልተጻፈውንም እያነበበ አለ፦
«ይህን እግር እዩት! ጥይት የበሳውን፣
ምሽግ ዘሎ ገብቶ ጓዱን ያወጣውን!»
ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሴቶች እልል አሉ፣
ሻምበል አንገት ደፋ፤ «ትሕትናው!» ተባባሉ።

ማይኩ ቅርቡ ነበር፤ ሊናገር ሲል ሰማሁ፤
አንዲት ትንፋሽ ወጣች፤ ቃሉን ስጠብቅ ቀረሁ።

ማታ ወደ ደሴ ሐረጎን ስንወጣ፣
ጭጋጉ ከገደል እየተሳበ መጣ።
ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ሾፌሩን አስቆመው።
«እዚህ ነው» አለኝ።
«ምኑ?»
«እግሬ።
ጦርነት አይደለም፤ ጤፍ የጫነ ኤንትሬ፤
ከፈቃድ ስመለስ፣ ጆንያ ላይ አድሬ፣
ፍሬኑ እምቢ ብሎት፣ እዚህ ተገለበጠ፣
ጤፉም ተበተነ፣ አጥንቴም ፈጠጠ።
ምሽግ የገባውማ ይማም ሙሄ ነበር፣
እኔ ከኋላው ነኝ፣ በሬዲዮ የምናገር።»
«ዛሬ የት ነው?» አልሁት።
«ቀን፣ እዚያው በሩ ላይ፣
ቆሞ ያጨበጨበው፤ ዘበኛው፤ አላየኸውም ወይ?»

«ታዲያ ለምን ዝም?» ልል ነበር፤ ተውሁት፣
የሦስት ቀን ቀብድ ነው አስቀድሜ የበላሁት።
እሱ ግን ሳልጠይቀው መለሰልኝ፦
«ጭብጨባ እንደ ጋቢ ነው፤ በብርድ ከደረቡህ፣
‹የማን ነው?› ሳትል ቀድሞ ይሞቃል ገላህ።»

በሳምንቱ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ዳር፣
ጦሳ ጉሙን ለብሶ ሲያካፋ ነበር።
ደምስ «ይህን እግር...» ብሎ ገና ሲጀምር፣
ሻምበል ማይኩን ነጠቀ፣ ሳያስጨርሰው ነገር።

«ወገኖቼ፣ ውሸት ነው።
እግሬን የሰበረው ሐረጎ ነው።
መኪና ነው የጣለኝ። ተኝቼ ነበር።
ምሽግ የገባው ይማም ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካው በር ላይ ታገኙታላችሁ።
ያን ቀን ዝም ያልሁት
ስለጣመኝ ነው።»

ፀጥ።
የሞንታርቦዬ እዝዝታ ብቻ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዘራ ተመርኩዞ፣
«ወላሂ፣ ሰው ይሄ ነው!» አለ ሳጉን ይዞ።
ከዚያማ ማን ይቻለው? ገበያው ተናወጠ፣
ከኮምቦልቻው ጭብጨባ በእጥፍ በለጠ።
ደምስም ማይኩን መልሶ፣ ላቡን እየጠረገ፣
«ይህን ትሕትና እዩት!» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ሻምበል ወደ እኔ ዞረ። በዓይኑ ቁልፉን አሳየኝ።
አጠፋሁት።
ጭብጨባው ግን አልጠፋም፤
የኔ አልነበረማ።

ሲመሽ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ጭቃው ላይ ጎንበስ ብዬ
ገመዴን ስጠቀልል፣ ሌላውን ጫፍ አንስቶ ያዘልኝ።
«ተዉ ሻምበል፣ ይቆሽሻሉ።»
አልሰማኝም። ከክርኑ እስከ መዳፉ፣ ከክርኑ እስከ መዳፉ፣
አንድም ቦታ ሳይቋጠር ጠመጠመው።
የሬዲዮ ሰው እጅ ነው፤ ሽቦ ያውቃል።

«ይማም ሰምቶ ይሆን?» አለኝ።
«ድምፄ ኮምቦልቻ አይደርስም፣» አልሁት፣ «ተራራ አለ።»
«የመጀመሪያው ግን ደርሶት ነበር።»

ጥቅሉን አስታቀፈኝ።
ከመንገዱ ማዶ የመጨረሻው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ፣
ረዳቱ በዝናቡ ውስጥ ይጣራል፦
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!
አንድ ሰው የቀረ!»